የላሊበላ ጧፍና የካሜራዎ ፍላሽ

ለገና ላሊበላ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ጋቢ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ምቹ ጫማና ካሜራ ይከታል። ሦስቱ ያለ ብዙ ምክር ሥራቸውን ይሠራሉ። ካሜራው ግን፣ በተለይ አብሮት የተሠራው ትንሹ ፍላሽ፣ ካልተነገረው በቀር የሚሠራው በራሱ ፈቃድ ነው። ጨለማ ባየ ቁጥር ይበራል። ከፊቱ ያለው ተራራ ይሁን እናትዎ፣ ሰዓቱ የቅዳሴ ይሁን የምሳ፣ አይለይም።

ላሊበላ ደግሞ ቀትር ላይ እንኳ ጨለማ የማይጠፋባት ከተማ ናት። የጥንቷ ሮሃ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናቷ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተገነቡ ሳይሆኑ ከአንድ አለት ወደ ታች እየተፈለፈሉ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት እንኳ የግቢያቸው ግማሽ ጥላ ነው። ውስጣቸው የሚታየው ከትናንሽ መስኮቶች በሚገባው ብርሃንና በጧፍ ነው። ፍላሽ የሚያመጣውን ጣጣ ሁሉ፣ የሚያመጣውን ጥቅምም ጭምር፣ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ለብዙ ቤተሰብ ይህ ጉዞ በዕድሜ አንዴ የሚደረግ መሆኑንም አይርሱ። እናት ስለት አለባት፤ አባት ከጡረታ በኋላ እሄዳለሁ ሲል የቆየ ነው፤ ልጆች ከውጭ አገር ለበዓሉ መጥተዋል። ቤት ተመልሰው ፎቶው ሲታይ የእናት ነጠላ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ዐይኗ ቀልቶ፣ ከኋላዋ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ከሰል መስሎ ቢገኝ፣ «ነገ ደግመን እንነሣለን» የሚባል ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ይህ ፍላሽ የት ድረስ እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅርብ ነው። ኪስ ውስጥ በሚገቡት ትናንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ 3 ወይም 4 ሜትር ያህል ይደርሳል። ዙም ካደረጉ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ስለሚቀንስ ርቀቱ ወደ 2 ሜትር ሊወርድ ይችላል። ሌንሳቸው የሚቀያየር ትልልቅ ካሜራዎች ላይ ቁልፍ ሲነካ ከአናታቸው ብቅ የሚለው ፍላሽ ጥቂት ይሻላል። የካሜራው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የፍላሹ የአቅም ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ 12 ገደማ የተለመደ ነው። ያንን ቁጥር ሌንሱ ለከፈተው ቀዳዳ ቁጥር ያካፍሉት። ቀዳዳው 4 ላይ ከሆነ 12 ለ4 ሲካፈል 3 ነው፤ አይ ኤስ ኦ 100 ላይ ፍላሹ በአግባቡ የሚያበራው እስከ 3 ሜትር ድረስ ነው ማለት ነው። አይ ኤስ ኦውን 400 ቢያደርጉት ርቀቱ እጥፍ ሆኖ 6 ሜትር ይደርሳል። ነገር ግን አይ ኤስ ኦው በጨመረ ቁጥር ፎቶው ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስል ነጠብጣብ እየበዛ ይሄዳል።

የፍላሽ ብርሃን ሲርቅ የሚደክመው ቀስ እያለ አይደለም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አንድ አራተኛ ይሆናል። ከካሜራው 1 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ከሚያገኘው ብርሃን፣ 3 ሜትር ላይ የቆመው የሚያገኘው አንድ ዘጠነኛውን ብቻ ነው። ቤተሰብ በረድፍ ተሰልፎ ከጎን ሲነሣ የፊተኛው ልጅ ነጥቶ የኋለኛው አጎት ጥላ መስሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሰዎቹን ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ እንዲሆኑ በቀስት ቅርጽ ማቆም ነው። አያት መሐል ይሁኑ፤ ዳርና ዳር ያሉት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይምጡ።

አሁን ወደ ዋዜማው ሌሊት እንምጣ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ የአለቱን ጠርዝ፣ መተላለፊያውንና አቀበቱን ሞልቶታል። ብርዱ የደጋ ብርድ ነው። ከበሮው ከታች ይሰማል፤ ጧፉ በየቦታው ይንቀለቀላል። ከፍ ካለ ቦታ ቆመው ቢያዩ በየአቅጣጫው ብልጭ ብልጭ የሚል የካሜራ ብርሃን ያያሉ። ከዚያ ሁሉ ብልጭታ ካህናቱ ዘንድ የሚደርስ የለም። የሚያበራው ከፊት የቆመውን ሰው ጀርባ ነው። ካሜራው «በቂ ብርሃን ሰጥቻለሁ» ብሎ ስለሚያምን መዝጊያውን ቶሎ ይዘጋዋል፤ ፎቶው ላይ አንድ የሚያንጸባርቅ ጋቢና ከኋላው ድቅድቅ ጨለማ ይቀራል። ያ ሁሉ ጧፍ የት ሄደ ቢሉ፣ መዝጊያው እሱን ለመቀበል አልታገሠም።

ስለዚህ እዚህ ላይ ፍላሹን ያጥፉት። የመብረቅ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ሲነኩ ስክሪኑ ላይ ምርጫዎች ይመጣሉ። ብቻውን ያለ መብረቅ ሁልጊዜ ይብራ ማለት ነው፤ ኤ ፊደል ያለበት ካሜራው ራሱ ይወስን፤ የተሰረዘው መብረቅ አይብራ ማለት ነው። የዐይን ምልክት ያለው የዐይን መቅላትን ይቀንሳል። ከሰው ምስል ጋር ጨረቃ ወይም ኮከብ ያለበት ምርጫ ደግሞ ለላሊበላ ሌሊት እጅግ የሚጠቅመው ነው፤ እመለስበታለሁ። ፍላሹን አጥፍተው አይ ኤስ ኦውን 1600 ወይም ከዚያ በላይ ያድርጉ፣ ክርንዎን ከጎንዎ ያጣብቁ፣ ቢቻል ካሜራውን አለቱ ላይ አስደግፉት። በእጅ መጫን ስለሚያንቀጠቅጠው በ2 ሰከንድ ራሱ እንዲያነሣ ቢያደርጉት ይመረጣል። አለቱ ከትሪፖድ አያንስም፤ ደግሞም በዚያ ሕዝብ መሐል ትሪፖድ መዘርጋት የሰው እግር ማሰናከል ነው።

ጧፍ የያዘች ልጅዎን ወይም እናትዎን ከዚያ ሁሉ ብርሃን ጋር ማንሣት ከፈለጉ ግን ያ ጨረቃ ያለበት ምርጫ ይመጣል። ሥራው ይህ ነው፦ ፍላሹ በርቶ ቅርብ ያለውን ሰው ያበራል፤ መዝጊያው ግን ወዲያው አይዘጋም። ለሰከንድ አንድ ስምንተኛ ወይም አንድ ዐሥራ አምስተኛ ያህል ክፍት ሆኖ የኋላውን ጧፍ ይለቅማል። ሰውየው በፍላሹ ብልጭታ ስለተያዘ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው ሌሊትም ሌሊት ሆኖ ይታያል። እጅዎ ቢንቀጠቀጥ የኋላው ጧፍ ትንሽ ይሰመራል እንጂ ፊቱ አይበላሽም። የሚነሣው ሰው ብልጭታውን ካየ በኋላም ለአፍታ ዝም ብሎ እንዲቆም አስቀድመው ይንገሩት።

የሚራመድ ሰው ሲሆን ሌላ ነገር ይመጣል። ብዙ ካሜራዎች ፍላሹን የሚያበሩት መዝጊያው እንደተከፈተ ነው። ጧፍ ይዞ የሚሄድ ዲያቆን በዚህ መንገድ ሲነሣ የጧፉ ብርሃን መስመር ከፊቱ ይሰመራል፤ ሲታይ ወደ ኋላ የሚራመድ ይመስላል። ሌንሳቸው የሚቀያየር ካሜራዎች ላይ ፍላሹ መዝጊያው ሊዘጋ ሲል እንዲበራ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን ሲመርጡ መስመሩ ከኋላው ይከተለዋል።

ወደ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ጫማ ይወልቃል፤ ከጫማው ጋር ፍላሹም ቢጠፋ ጥሩ ነው። ማኅሌትና ቅዳሴ በሚደረግበት ሰዓት ካሜራ ጨርሶ ባይወጣ ይሻላል ባይ ነኝ። በሌላ ጊዜ፣ ለጉብኝት በተፈቀደ ሰዓት ሲገቡ፣ አስጎብኚውን ወይም ካህኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ቤተ ማርያምን ያስቡ። ጣሪያዋና ቅስቶቿ በጥንታዊ ሥዕልና ሐረግ ያጌጡ ናቸው፤ መሐሏ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚኖር ዓምድ አለ፤ ዓምደ ብርሃን ይሉታል። ብርሃን የሚል ስም የተሰጠው ምሰሶ ተሸፍኖ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ካሜራ ብልጭ ማድረግ ራሱ ትንሽ ያሳፍራል። ነገሩ ግን የአክብሮት ብቻ አይደለም። ጥንታዊ ቀለም ብርሃን ባገኘው ቁጥር ይደክማል፤ የአንድ ሰው ብልጭታ ኢምንት ቢሆን እንኳ ጎብኚው ብዙ ነው። ፎቶውም አያምርም፦ ከፊት ለፊት የተላከው ብርሃን ግድግዳው ላይ ነጥሮ ይመለስና ሥዕሉ መሐል ላይ ነጭ ክብ ይተዋል፤ የአለቱ የመሮ ምልክት፣ ጎርበጥባጣው ሁሉ ጠፍቶ ልሙጥ ግንብ ይመስላል። ከመስኮት በጎን የሚገባው ብርሃን ግን እያንዳንዱን የመሮ ምት ከነጥላው ያሳያል።

ዕጣን ባለበት ቦታ ደግሞ ፍላሽ ጭራሽ አይረባም። ጢሱ ከካሜራው አፍንጫ ሥር ስለሆነ ከሁሉ በላይ የሚበራው እሱ ነው፤ ካህኑ ከነጭ መጋረጃ ኋላ የቆመ ይመስላል። አቧራም እንዲሁ ነው። ብዙ ሺህ እግር በረገጠው ግቢ ውስጥ በሌሊት በፍላሽ የተነሣ ፎቶ ላይ የሚንሳፈፉ ነጫጭ ክቦች ይታያሉ። ሌንሱ አጠገብ ያለፈ አቧራ በፍላሹ በርቶ ከትኩረት ውጪ በመሆኑ አብጦ የሚታይ ነው። አንዳንድ ሰው ሌላ ትርጉም ሰጥቶት በስልክ ሲቀባበለው አይቻለሁ። ካሜራን ለተአምር ምስክር ከመጥራት በፊት አቧራውን መጠየቅ ይገባል።

በየቤተ ክርስቲያኑ ካህናት መስቀሉን አውጥተው ለጎብኚ ሲያሳዩ፣ አንዳንዶቹ እዚያው ጨለማ ውስጥ ጥቁር መነጽር ሲያደርጉ ያያሉ። መጀመሪያ ያየ ሰው ፈገግ ይላል። ምክንያቱን ሲያስቡት ግን ፈገግታው ይጠፋል፦ በጨለማ ውስጥ የሚውል ሰው የዐይኑ ብሌን ተከፍቶ ነው የሚኖረው፤ በዚያ በተከፈተ ብሌን ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የጎብኚ ፍላሽ ይበራበታል። ካህኑን ከነመስቀሉ ማንሣት ከፈለጉ «አባቴ፣ ወደ በሩ ቢወጡልኝ» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ከበሩ ደፍ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊታቸው ወደ ብርሃኑ ዞሮ ሲቆሙ፣ ለስላሳ የቀን ብርሃን ፊታቸውንም መስቀሉንም ያበራዋል። ናስ ወይም ብር መስቀል በፍላሽ ቢነሣ የሚያንጸባርቀው የፍላሹን ብልጭታ ብቻ ነው፤ የተቀረጸበት ሐረግ አይታይም።

የዐይን መቅላት ነገርም ከዚሁ ከተከፈተ ብሌን ይመጣል። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስለተሠራ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ በብሌኑ ይገባና ከዐይን ኋላ ካለው፣ ደም ከሚመላለስበት ክፍል ቀልቶ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። የዐይን ምልክት ያለውን ምርጫ ሲወስዱ ካሜራው ከዋናው ብልጭታ በፊት ጥቂት ብልጭታዎችን ይልካል ወይም ትንሽ መብራት ያበራል፤ ብሌኑ እንዲጠብ ነው። የዚህ ምርጫ ችግር አያቶች ናቸው። የመጀመሪያውን ብልጭታ ሲያዩ ፎቶው ያለቀ ስለሚመስላቸው «ተባረኩ» ብለው ዞር ይላሉ። ስለዚህ ወይ አስቀድመው ያስረዱ፣ ወይ ደግሞ ይህን ምርጫ ትተው ሰዎቹን ወደ መብራት ወይም ወደ ጧፍ ያስጠጓቸው፤ ሌንሱን ሳይሆን ከሌንሱ ትንሽ ጎን ቢያዩም ቅላቱ ይቀንሳል።

ጠዋት ላይ፣ ቤዛ ኩሉ ሲደረግ፣ ስለ ፍላሽ የሚባለው አጭር ነው። በቤተ ማርያም ግቢ ዙሪያ ከፍ ባለው አለት፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ላይ፣ ካህናቱ ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ ከታች ያሉት ይቀበሏቸዋል። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ርቀቱ ፍላሽ የሚደርስበት አይደለም፤ ብርሃኑም በቂ ነው። አጥፍተው ይያዙት፤ ባትሪውንም ይቆጥባሉ። በደጋ ብርድ የባትሪ ጉልበት ቶሎ ይወርዳልና መጠባበቂያ ባትሪውን ከጋቢው ሥር፣ ደረት አጠገብ ባለ ኪስ ውስጥ ይያዙት።

ብዙ ሰው የሚገርመው ፍላሽ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በጠራራ ፀሐይ መሆኑን ሲሰማ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ይሂዱ። 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ መሐል በመስቀል ቅርጽ የቆመው ያ ቤተ ክርስቲያን ከላይ ሲታይ ማንም ፎቶ ሳያነሣ አያልፍም፤ ሚስቱን ወይም ልጆቹን ጠርዙ አጠገብ ሳያቆምም አይመለስም። (ወደ ኋላ ሂዱ፣ ትንሽ ወደ ኋላ የሚለውን የፎቶ አንሺ ቋንቋ እዚህ ቦታ ላይ ፈጽሞ አይጠቀሙ።) ሰዓቱ ወደ ቀትር ሲጠጋ ፀሐዩ ከአናት ነው። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ግማሹ ይጠቁራል፤ ነጠላዋን ወደ ፊት የሳበች ሴት ዐይኗ አይታይም። ካሜራው በዚያ ሁሉ ብርሃን መሐል ፍላሹን በራሱ አያበራም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይብራ የሚለውን ምርጫ እርስዎ ይዘዙት። 2 ሜትር ያህል ይቅረቡ፤ ፍላሹ ከባርኔጣው ሥር ገብቶ ዐይንን ያወጣዋል፣ ዐይኑ ውስጥም ትንሽ የብርሃን ነጥብ ይተዋል። ከኋላ ያለው አለትና ሰማይ እንደነበሩ ይቀራሉ። ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ የያዘ ሰው መዝጊያው ከፍላሹ ጋር አብሮ የሚሠራበት ፍጥነት ወሰን እንዳለው ይወቅ፤ በብዙዎቹ ከሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ እምብዛም አያልፍም። ለዚህም በፀሐይ ላይ አይ ኤስ ኦውን 100 ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፎቶው ከመጠን በላይ ይነጣል።

ለጥበቃ ተብሎ ከላያቸው ትልልቅ ሽፋን የቆመላቸው አብያተ ክርስቲያናት ሌላ ጠባይ አላቸው። ከሽፋኑ ሥር ቆሞ የሚነሣ ሰው ከኋላው የፀሐይ ብርሃን ሲኖር ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል። እዚያም ይኸው የቀን ፍላሽ ያድነዋል።

ሲኦል እያሉ በሚጠሩት ጨለማ ዋሻ ውስጥ ሲያልፉ ግን ካሜራውን ይርሱት። ግድግዳውን በእጅ እየዳበሱ የሚታለፍ መንገድ ነው፤ ጨለማው ራሱ ነው የጉብኝቱ ቁም ነገር። ብልጭ ያደረገ ሰው የራሱንም የሌላውንም ዐይን ለደቂቃዎች አጥፍቶ ሰው ለሰው ያጋጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ነጠላና ወደ ፊት። የካሜራ አእምሮ ዓለምን የሚለካው ሁሉም ነገር ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል በሚል ግምት ነው። ነጭ የሐገር ልብስ የለበሰ ጠይም ሰው ይህን ግምት ያፈርስበታል። ፎቶውን ነጠላው ከሞላው፣ ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ፍላሹን ይቀንሰዋል፤ ነጠላው አመድማ ሆኖ ፊት ይጠቁራል። ሰውየው ትንሽ ሆኖ ከኋላው ጨለማ ከበዛ ደግሞ «ብርሃኑ አነሰ» ብሎ ሙሉ ኃይሉን ይለቀዋል፤ ነጠላው ይቃጠላል፣ ጥለቱ ይጠፋል፣ ግንባር ቅባት የተቀባ ይመስላል። ለዚህ የሚሆነው ማስተካከያ መብረቅና የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ነው። አንዳንድ ካሜራ ላይ ቁልፍ አለው፤ ሌላው ላይ ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። የኋላው ጨለማ ሲሆን ከ0 ወደ ታች፣ ተቀንሶ 1 ድረስ ያውርዱት፤ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ነጭ ልብስ ስክሪኑን ሲሞላው ደግሞ ወደ ተደምሮ ግማሽ ያህል ያውጡት። አንድ አንሥተው በስክሪኑ ላይ ያጉሉትና የነጠላውን ጥለት ይመልከቱ። ጥለቱ በየቀለሙ ከተለየ፣ ፊቱም ከታየ፣ ደርሰዋል። ማስተካከያው ካሜራው ጠፍቶ ሲበራ በብዙዎቹ እንዳለ ይቀመጣልና ሲጨርሱ ወደ 0 ይመልሱት።

ማስተካከያ የሌለው ካሜራ ከሆነ አንድ እጥፍ ነጭ ሶፍት ፍላሹ ላይ ያድርጉ። ጥላውን ብዙም አያለሰልሰውም፤ ኃይሉን ግን ያበርደዋል። ከዚህ የሚበልጠው የከረሜላ መጠቅለያ ነው። የጧፍ ብርሃን ቢጫና ቀይማ ነው፤ የፍላሽ ብርሃን እንደ ቀትር ፀሐይ ነጭ ነው። ሁለቱ አንድ ፎቶ ላይ ሲገናኙ ፊት የተላጠ ድንች መስሎ፣ ዙሪያው ግን ወርቃማ ሆኖ ይወጣል። ብርሃን የሚያሳልፍ ብርቱካንማ የከረሜላ መጠቅለያ ፍላሹ ላይ ሲያደርጉ የፍላሹ ቀለም ወደ ጧፉ ይጠጋል፤ እናትዎ በያዘችው ጧፍ የበራች ትመስላለች። ፍላሹ ስለሚሞቅ መጠቅለያውን አጥብቀው አይለጥፉት፤ በጣት ይዘውት አንድ ሁለት ፎቶ ይበቃል።

በበዓሉ ማታ ያረፉበት ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ የቤተሰቡ ፎቶ ይቀጥላል። እዚህ ፍላሹ በርቀቱ ውስጥ ነው፤ ጠላቱ ግድግዳው ነው። ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ሲቀመጡ ከኋላቸው ጥቁር ጥላ ይለጠፍባቸዋል። አንድ ሜትር ወደ ፊት ያስጠጓቸው። ካሜራውን አቁመው ሲይዙት ፍላሹ ወደ ጎን ስለሚመጣ ጥላውም ወደ ጎን ይረዝማል። መስተዋት፣ ቴሌቪዥን ወይም በመስተዋት የተከደነ ሥዕል ከኋላ ካለ በቀጥታ ሳይሆን ከጎን ያንሡ፤ መነጽር ያደረጉ አባትም አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉ ብልጭታው ከመነጽሩ ላይ ይወርዳል። ፎቶው ሥር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ነገር ካዩ የሌንሱ ጥላ መከላከያ ነው፤ ያውልቁት። ጀበናው፣ ረከቦቱና የከሰሉ ፍም ግን ያለ ፍላሽ ይነሡ። የፍም ቅላት ከፍላሽ ፊት አይቆምም።

በማግሥቱ ማለዳ ከተማው ይፈታል። በእግር የመጡት በእግር፣ በመኪና የመጡት በመኪና ይመለሳሉ። ከላስታ ተራሮች በላይ ፀሐይ ስትወጣ ጥላና በትር የያዙ ምእመናን ከነጓዛቸው በመንገዱ ዳር ይታያሉ። ቤተሰብዎን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያነሡት ምናልባት እዚህ ነው፤ ጀርባቸውን ለፀሐይዋ ሰጥተው፣ የነጠላቸው ጠርዝ በብርሃን ተከብቦ። ፍላሹን ሁልጊዜ ይብራ ላይ ያድርጉት፤ ማስተካከያውን ተቀንሶ 1 ላይ ያኑሩ፤ እናትዎ መሐል፣ ዳርና ዳር ያሉት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሁኑ። ከዚያ እርስዎ ሁለት እርምጃ ይቅረቡ፣ ዙሙን ይመልሱና ይጫኑ።